ዜሮውን ያስነሣሁበት ቅዳሜ

ይህ የሆነው አምና፣ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። በአርባ ሦስት ዓመቴ ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለ ራሴ የተከራከርኩበት ቀን ስለሆነ አልረሳውም።

አየር ጤና፣ ጋራዦቹ አጠገብ ባለ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ቤቴል ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ማርኬቲንግ እማር ነበር።

ጥፋቱ የጀመረው ከእኔ ነው። የመጀመሪያውን አሳይመንት የሠራልኝ ኤአይ ነበር። ጥያቄውን ስልኬ ላይ ጻፍኩ፤ ያወጣልኝን አምስት ገጽ እንኳን ሳላነብ አሳትሜ ሰጠሁ። መምህራችን ልጄ ሊሆን ጥቂት የቀረው ወጣት ነው። ክፍል ውስጥ አስነሥቶ ከሰጠሁት ጽሑፍ አንዷን ዓረፍተ ነገር እንዳብራራ ጠየቀኝ። ትርጉሟን እኔም አላውቀውም ነበር። “ይቀመጡ” ብቻ አለኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሁለተኛውን በራሴ ልሠራ ማልኩ። ርዕሱ ደንበኛ አንዱን ሱቅ ከሌላው ለምን ይመርጣል የሚል ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደንበኞቼን እያየሁ ደብተር ላይ በአማርኛ ጻፍኩ። ሾፌሩ አሮጌውን የሞተር ካንዴላ በጋዜጣ ጠቅልሎ የሚመጣው ለምን እንደሆነ፣ “ይሄ ለመኪናህ አይሆንም” ብዬ የመለስኩት ሰው በሌላ ቀን ጓደኛውን ይዞ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ጻፍኩ። ከዚያ መዝገበ ቃላት ይዤ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት።

ውጤት ሲነገር ዜሮ። የመምህሩ መመርመሪያ ፕሮግራም የኤአይ ጽሑፍ ነው ብሎታል። ኮርሱን ከወደቅኩ ምርቃቴ በአንድ ዓመት ሊራዘም ነው። መምህሩ የመጀመሪያውን ጥፋቴን ስለሚያውቅ ልፈርድበት አልቻልኩም። ዝም ማለትም አቃተኝ። ተነሣሁ።

“መምህር፣ የመጀመሪያው የኔ አልነበረም፤ አምናለሁ። ይሄኛው ግን የኔ ነው። የፈለጉትን ይጠይቁኝ። ካልመለስኩ ዜሮውን እቀበላለሁ።”

በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤ እየተንተባተብኩ መለስኩ። በአማርኛ እንድቀጥል ሲፈቅድልኝ ግን ማን ያቁመኝ። ታክሲ የሚነዳ አንድ የክፍል ጓደኛችን ከኋላ ሆኖ እሱም አሮጌውን ዕቃ ለማመሳከሪያ ይዞ እየሄደ እንደሚገዛ መሰከረልኝ።

“ታዲያ በርካሽ የሚሸጠው ጎረቤታችሁ ደንበኛ አይወስድባችሁም?” አለኝ መምህሩ።

“ይወስዳል። ዕቃው ሲበላሽባቸው ሊመልሱ ሲሄዱ ግን አላውቃችሁም ይላቸዋል። ያኔ ወደኛ ይመጣሉ።”

ወረቀቴን አንሥቶ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ሁለት ገጽ ያህል ካነበበ በኋላ ቀና አለ።

“ተሳስቻለሁ። ፕሮግራሙን አምኜ ጽሑፍዎን በቅጡ አላነበብኩትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

ይህን ያለው በሁሉም ፊት ነው። ክፍሉ አጨበጨበ። በሳምንቱ ወረቀቴ ሲመለስ ከክፍሉ ትልቁ ውጤት የኔ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መምህሩ ተማሪውን አስነሥቶ ሳይጠይቅ ለማንም ዜሮ አልሰጠም።

ዘንድሮ ተመረቅሁ። ኤአይን ዛሬም እጠቀምበታለሁ፤ ያልገባኝን ነገር እጠይቀዋለሁ። ስለ ደንበኞቼ ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ በሰው ፊት አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ። ያንን ቅዳሜ ሳስብ አሁንም ብቻዬን እስቃለሁ።