የፀጉር አስተካካዩ እጅ

ፀጉር አስተካካዩ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ፀጉር ይቆርጣል፤ እሑድ መስተዋቶቹን በአንሶላ ሸፍኖ ለሰባት ምእመናን ጳጳስ ይሆናል። የመጀመሪያ መሪያቸውን ራሱ አንድ ሐዋርያ እጁን ጭኖ እንደሾመው፣ ሹመቱም ከራስ ወደ ራስ ተላልፎ እሱ ዘንድ እንደደረሰ ያምናሉ። ሰፈሩ ግን "ሐዋርያው፣ ጎን ጎኑን ትንሽ አሳጥርልኝ" እያለ ይቀልድበታል።

ዘንድሮ ሐኪሙ የልብ ቀዶ ጥገና ያስፈልግሃል ብሎ ለሐሙስ ቀጠረው። ተተኪ ሳይሾም ቢሞት ያ ሁሉ ዘመን የመጣ ሰንሰለት እሱ ላይ ሊበጠስ ነው። እሱ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያማርጥ ነው የኖረው።

"አስተማሪው ጥያቄ ያበዛል፤ ጫማ ሰፊው ጸሎት ሲጋመስ ነው የሚመጣው፤ ወንድሜም ቁጡ ነው" እያለ ሲያጉተመትም፣ የሆስፒታል ልብሱን የምታጣጥፈው ሚስቱ ትዕግሥቷ አለቀ።

"አንተ ሰውዬ፣ ጌታ እንኳ የሚክደውንም የሚጠራጠረውንም መርጦ አብሮ በላ። አንተ ከሱ በላይ መራጭ ሆንክ?"

ረቡዕ ሁሉንም ሰበሰበና እየዘገየም ቢሆን አንድ እሑድ እንኳ ቀርቶ የማያውቀውን ጫማ ሰፊ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ መጸለይ ሲጀምር፣ ልማድ ሆኖበት ጭንቅላቱን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አደረገው።

"ጋሼ፣ አደራ መቀሱን እንዳታነሳ!" አለ ጫማ ሰፊው።

ሌሎቹ በሳቅ ፍርስ አሉ፤ ጳጳሱም ሳቀ። እጁን ግን ጸሎቱ እስኪያልቅ አላነሳም።