ቁልፍ ያልነበረው የሐጂ ዋይፋይ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ቢቸና ቤቴ ተቀምጬ ከሐያት ጋር በቪዲዮ ስንነጋገር ፊቷ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ፤ አፏ እንደተከፈተ፣ አንድ ዓይኗ እንደተጨፈነ። ተነሥቼ ራውተሩን ወደ ግራ አዞርሁት፣ ወደ ቀኝ መለስሁት፣ መስኮት ላይ አወጣሁት። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አለሙ በአጥሩ በኩል ሲያየኝ ቆይቶ፣ “ጋሼ፣ ፈርምዌሩን ይቀይሩት እንጂ! ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ሶፍትዌር አጥፍተው ሌላ ቢጭኑበት ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል” አለኝ።

“እጥፍ” የምትለዋን ቃል ስሰማ ሞጣ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ቢቸና የማስተምር ወጣት ነበርሁ፤ ያነበብሁትን ሁሉ ዛሬውኑ ካልሞከርሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ። የሐያት ወንድም ኑሩ የኮሌጅ ጓደኛዬ ነው፤ አባታቸው ሐጂ፣ ሞጣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ሐያት ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ስታደርግ ኢንተርኔቱ እየደጋገመ ተቆረጠና ጠያቂዎቹ ተሰላችተው ተዉት። ሰኞ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ሊሞክሩላት ቀጠሯት፤ ያም ከተቆረጠ ዕድሉ ለሌላ ያልፋል። ኑሩ ደውሎ ይህን እንደነገረኝ አዲስ ፈርምዌር በፍላሽ ዲስክ ይዤ ተሳፈርሁ። ያን ያህል ለምን እንደተጣደፍሁ ኑሩ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ነሐሴ ነበር፤ ከደብረ ወርቅ ወዲያ መንገዱ ሁሉ ጭቃ። ጉንደ ወይን ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ትኩስ ድንች ቅቅል በአዋዜ ገዛሁ፤ ሳልጨርሰው ሾፌሩን “አንሄድም?” አልሁት።

“ጎማ እያየሁ ነው። ሞጣ የትም አትሄድብህም!” አለኝ።

የሐጂ ራውተር ሳሎን ውስጥ፣ ቡፌው ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ሐጂ ፍላሿን አገላብጠው አዩና፣ “በዚች ነው የምታፈጥነው? እግረ መንገድህን ዝናቡንም ብታቆምልን” አሉ።

ፈርምዌር እየተጫነ መብራት ከሄደ ራውተሩ ከእንግዲህ የወረቀት መጫኛ ነው። ነሐሴ ላይ ደግሞ ሞጣ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር መብራት ይሄዳል። ሐያት መስኮቱ ጋ ቆማ ደመናውን ታያለች፤ እኔ ብልጭ ድርግም የምትለዋን አረንጓዴ መብራት እያየሁ ሳሎኑን እመላለሳለሁ።

“ኧረ ቁጭ በል፣ ምንጣፉን ጨረስኸው” አለችኝ።

ተሳካ። አዲሱ ፈርምዌር ፋብሪካው የከለከለውን ሁሉ ይፈቅዳል፤ እኔም የማስተላለፊያ ኃይሉን እስከ ጫፍ ሰቀልሁት። ላፕቶፑ ላይ የዋይፋዩ ምልክት ሞላ። ኑሩ አቀፈኝ።

በማግሥቱ እሑድ በቪዲዮ ስንሞክረው ግን ከድሮው ባሰ። ግራ ገብቶኝ ወደ ግቢው ወጣሁ። ከግንቡ ማዶ፣ በየጎረቤቱ በረንዳ ላይ፣ ጎረምሶች ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል።

“መምህር፣ እግዜር ይስጥልን!” አለ አንዱ። “ድሮ እዚህ አጥር ሥር ተጠግተን ነበር የምንጠቀመው። አሁን ቤታችን ድረስ መጣልን!”

ገብቼ “የይለፍ ቃል እናድርግበት” አልሁ።

“የምን ቁልፍ?” አሉ ሐጂ። “ቧንቧዬን ዘግቼባቸው አላውቅም።”

“አባ፣ ለነገ ብቻ” አለች ሐያት።

“ነገ የከለከልሁትን ጎረቤት ከነገ ወዲያ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?”

ሐያት ላፕቶፑን ይዛ ክፍሏ ገባች። እኔ በሽማግሌው ተናድጄ፣ በራሴም ተናድጄ፣ እንደገና ምንጣፉ ላይ መመላለስ ጀመርሁ። ስመላለስ ነው ያነበብሁት ነገር በቅጡ የገባኝ። በስልክ ሽቦ የሚገባው ኢንተርኔት ያው ነው፤ ምንም ዓይነት ፈርምዌር ጠብታ አይጨምርበትም። የገባውን ማን አስቀድሞ ይውሰድ የሚለውን ግን መወሰን ይችላል። ኃይሉን ወደ ነበረበት መለስሁና የሐያትን ላፕቶፕ ከሁሉ ፊት አስቀደምሁት።

“ማንም አይከለከልም” አልኋቸው ሐጂን። “ሐያት ብቻ ቀድማ ታልፋለች።”

ወደ ሐያት ክፍል ዞር ብለው አዩ። “ወፍጮ ቤት ሕፃን ያዘለችውን እንደምናሳልፋት?”

“እንደዚያ።”

“ታዲያ ይኸን መጀመሪያ አትለኝም!” ብለው ጃንጥላቸውን አንሥተው ለጎረቤት ሊናገሩ ወጡ።

ሰኞ ጠዋት ሐያት ክፍሏን ዘጋች። እኔ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልሁም፤ ዝናብ እየመታኝ ግቢ ውስጥ ቆምሁ።

“ዛሬ ምን ነክቶት ነው የሚንቀራፈፈው?” የሚል ድምፅ ከግንቡ ማዶ ሰማሁ።

“ዝም በል” አለው ሌላው፤ “ሐያት እያለፈች ነው።”

በሩ ሲከፈት “አልተቆረጠም” ብቻ አለችኝ። መስከረም ሳያልቅ ሄደች።

ተምራ ተመልሳ ዛሬ ባሕር ዳር ታስተምራለች። እኔም ከዚያ ወዲህ “እጥፍ ፍጥነት” የሚለኝን ሰው ሁሉ፣ ልብስ ሰፊም ይሁን ሚኒስትር፣ እጠረጥራለሁ። እጥፍ የተባለው ነገር ከየት እንደሚመጣ ስጠይቅ የሚመልስልኝ አላገኘሁም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሌላው ተራ ነው። ሐጂ ቢያንስ ከማን ተራ እንደወሰዱ ያውቁ ነበር፤ ወጥተውም ነግረዋቸዋል።

ስክሪኑ ላይ ሐያት የተጨፈነ ዓይኗን ገለጠች።

“ዛሬም ቁልፍ አላደረግህበትም?”

“አላደረግሁም።”

ራውተሩ ላይ ማን ይቅደም የሚለውን ማስተካከል ዛሬም አልረሳሁትም። በአጥር መጥራት ግን ይቀላል።

“አለሙ! የምታወርደውን ፊልም ትንሽ አቁምልኝማ፣ ሐያት ትለፍ።”