አክስቴ ለቅሶ ቤት የገባች ዕለት

ዛሬ ሚዛን ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ቆጮ በኮባ ስትጠቀልል የቅጠሉ እርጥብ ሽታ ልጅነቴን ቀሰቀሰብኝ።

ጌጫ አጠገብ ባለው መንደራችን እኛ ማንጆዎች እንደ ርኩስ ስለምንቆጠር የሌላው ሰው ቤት አንገባም ነበር። ለሠርግም ለለቅሶም ደጅ ተቀምጠን ምግቡ በኮባ ቅጠል ላይ ነበር የሚቀርብልን። ወንድሞቼን ይህ ስለመረራቸው “ቤታቸውን እናቃጥላለን” እያሉ ጦር መሳል ጀመሩ። ጎረቤታችን ሞቶ ለቅሶ በሄድንበት ቀን አክስቴ ከመካከላችን ተነሣች።

“እናቴ ደጅ ስትበላ ኖራ ሞተች። እናንተ እሳት ይዛችሁ ከመግባታችሁ በፊት እኔ በእግሬ ልግባ” አለቻቸውና ገባች።

አንድ ሽማግሌ “ውጪ!” ብሎ ጮኸባት።

የሟቹ ሚስት ግን፣ “ባሌን ከጫካ ተሸክመው ያመጡልኝ የእሷ ወገኖች ናቸው። ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ” ብላ በራሷ ዋንጫ ቦርዴ ሰጠቻት። ቅር ያላቸው ጥለው ወጡ። አክስቴ ጠጥታ ጨርሳ ቀና ብላ ወጣች።

መንገድ ላይ ታላቅ ወንድሜ “ቦርዴያቸው እንዴት ነው?” አላት።

“እንደኛው ነው” ብላ ሳቀች። እስከ ቤታችን እየዘፈንን አጀብናት።

ዛሬም የሚጸየፉን አልጠፉም። እኔ ግን ያን ዕለት ሳስብ አሁንም ደረቴን ነፍቼ እራመዳለሁ።