ከኮሌታው ሥር የነበረው ቀይ ቁጥር

እህቴን "እትዬ" እያልኩ ነው ያደግኩት። በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር፣ እሷ አሥራ ሦስት። እናት አለችኝ ብል እሷው ናት፤ ግን በፊቷ እንዲህ ብዬ አላውቅም። "እናትሽ ሌላ ናት" ብላ ትቆጣኛለች።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተምራ ነው ጡረታ የወጣችው። ተማሪ ከጎኑ ገልብጦ ትክክለኛውን መልስ ቢጽፍላት "መልሱንማ እኔም አውቀዋለሁ፤ እንዴት እንደደረስክበት አሳየኝ" ትለው ነበር። ዛሬም ያስተማረቻቸው ጎረምሶች፣ ጎረምሶች ስል ሸበቶዎች ናቸው፣ መንገድ ላይ ሲያዩዋት ሲጋራቸውን ከጀርባቸው ይደብቃሉ። ውሸት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ሰው ቤት ሄዳ ሻዩ እንዴት ነው ስትባል "ቀጥኗል" የምትል ሴት ናት። ከእሷ ጋር እንግድነት መሄድ ቅጣት ነው።

እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ። አዲስ አልሰፋም፤ ከቦንዳ የወጣ ልባሽ ነው የማስተካክለው። ኮት አጠባለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። በዚህ ሥራ አንድ ደንብ አለ፤ ልባሽ ልብስ እጅሽ ሲገባ መጀመሪያ የድሮውን ባለቤት ምልክት ፈትተሽ ታወጫለሽ። ስም ይሁን፣ ቁጥር ይሁን፣ የልብስ ንጽሕና ቤት ጨርቅ ይሁን፣ ይወጣል። የሌላ ሰው ስም አንገቱ ላይ ለጥፎ መሄድ የሚፈልግ ደንበኛ የለማ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳላስበው ስፈታ ኖሬያለሁ። እጄ ያደርገዋል፣ አፌ ወሬውን ይቀጥላል።

ጉዱ የመጣው ከቅርስ ማኅበሩ ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ ጉባኤ ይጠራል፤ ዘንድሮ የድሮው ሆስፒታል ስድሳ ዓመት ሞላው ብለው የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ስም የሚቀረጽበት የእብነ በረድ ሰሌዳ ሊያቆሙ ተነሡ። ዝርዝሩ ተለጠፈ። ሐኪሞቹ አሉ፣ ነርሶቹ አሉ፣ የበሩ ዘበኛ ሳይቀር አለ። እናታችን የለችም። ሆስፒታሉ በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብታ እስክትሞት ሰባት ዓመት ሠርታለች፤ ግን የቀን ሠራተኛ ነበረችና መዝገብ ላይ የጻፋት የለም።

እትዬ ዝርዝሩን ቆማ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ጸሐፊ ሄደች። ይህ ሰው ደረት ኪሱ ውስጥ አጉሊ መነጽር ሳይዝ ስለማይወጣ እኔ "አጉሊው" ነው የምለው። ክፉ ሰው አይደለም።

"መምህርት፣ እኔስ አምንዎታለሁ፤ ሰሌዳው ነው ማስረጃ የሚፈልገው" አላት። ደንቡንም ነገራት። ስም የሚያስመዘግብ ሰው የዘመኑን ልብስ ለብሶ ጉባኤው ፊት ይቆማል፣ ያለውን ማስረጃ ያሳያል፣ ጉባኤው ይወስናል። አስመስሎ የተሠራ ልብስ አይገባም። ዝርዝሩ በማግሥቱ ወደ ድንጋይ ጠራቢው ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨመር የለም።

ከዚያ ወዲያ እትዬን ቤቷ ያገኘ የለም። ከልባሽ ተራ ልባሽ ተራ ሆነ ውሎዋ። የሆስፒታሉ ሠራተኞች የሚለብሱትን ሰማያዊ ጋዋን ነበር የምትፈልገው። ያገኘችውን ሰማያዊ ነገር ሁሉ ታነሣና ኮሌታውን ገልብጣ አይታ ትመልሰዋለች። ነጋዴዎቹ "ኮሌታ ገልባጯ" ብለው ስም አወጡላት። አንዱ ባለቦንዳማ "እናቴ፣ ኮሌታ ብቻውን የሚሸጥ ይመስልዎታል እንዴ?" ብሎ ሰው አስቆባታል። እኔም አብሬ ሳቅኩ። እድፍ እያየች መስሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ስለ እናታችን ነገር እትዬ ቁጥብ ናት፤ እንደ መድኃኒት በማንኪያ ነው የምትሰጠኝ።

ነገሩን በኋላ ነው የሰማሁት። ጋዋኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለነበሩ፣ ሲታጠቡ የማን የማን እንደሆነ እንዲለይ ከኮሌታው ሥር ቁጥር ይሰፋባቸዋል። ሰፊዋ እናታችን ነበረች። በቀይ ክር ትሰፋና ከቁጥሩ ግርጌ፣ ማንም ሳያዛት፣ ሦስት ነጥብ ታክልበታለች። እትዬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እግሯ ሥር ተቀምጣ ታያት ነበር። ነጥቦቹን ለምንድን ነው ብላ ብትጠይቃት "ማን እንደሰፋው ይታወቅ" ብላታለች። እትዬ ይህንን ሁሉ በማመልከቻዋ ላይ ጽፋ ለአጉሊው ሰጥታዋለች። እሱም ነጥቦቹ ያሉበት አንድ ጋዋን ከተገኘ በቂ ምስክር ነው ብሏታል።

በሁለተኛው ወር፣ ጉባኤው አምስት ቀን ሲቀረው፣ ለጋራዥ መወልወያ ከሚሸጥ የጨርቅ ክምር ውስጥ አገኘችው። ቁጥር አርባ አንድ፣ ከሥሩ ሦስት ነጥብ። የማን ጋዋን እንደነበር እግዜር ይወቅ። ስፌቱ ግን የእናታችን ነበር።

በጋዜጣ ጠቅልላ ሱቄ መጣች። ፊቷ ላይ እንደዚያን ቀን ያለ ደስታ አይቼባት አላውቅም። "ብብቱ ተተርትሯል፣ እሱን ብቻ ስፊልኝ። ነገ ስመጣ አንድ ነገር አሳይሻለሁ" ብላ፣ የምትሳፈርበት ታክሲ ጥሩምባውን ሲነፋባት ሮጠች።

እኔን ይድፋኝ! አንድ ደንበኛ ሱሪ አሳጠርሽብኝ ብሎ እየተሟገተኝ ነበር። "ያሳጠርከው አንተ ነህ፣ ሆድህ ሲገፋ ሱሪው ወደ ላይ ይሸሻል" እያልኩት፣ እጄ ጋዋኑን ከጋዜጣው አወጣ፣ ኮሌታውን ገለበጠ፣ ምላጩን አነሣ፣ ቀዩን ቁጥር ፈታው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ክሩን እፍ አልኩት። አላርፍ ያለች ጣት ምን ጠንቁላ እንደምትመጣ ታውቁታላችሁ፤ ተረቱን አልጨርሰውም። ከዚያ ብብቱን አሳምሬ ሰፋሁ፣ ተኮስኩት፣ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ኮራሁበትም።

በማግሥቱ ጠዋት እትዬ መጣች። "ነይ፣ ጣትሽን ስጪኝ" አለችኝ። እጄን ይዛ ጣቴን ኮሌታው ሥር ከተተችው። "ይኸው፣ የእማዬን..." ብላ ገለበጠችው።

ከዚያ እጄን ለቀቀችው።

"እዚህ ቁጥር ነበረ።"

"ፈታሁት፤ ሁሌም እፈታለሁ፣ የሌላ ሰው ቁጥር..."

ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የነገረችኝ፤ ቁጥሩን፣ ነጥቦቹን፣ ማመልከቻውን። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ ለሰነፍ ተማሪ እንደምታስረዳ ቀስ ብላ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እኔው ጮህኩ። "ለምን አልነገርሽኝም? አፍ የለሽም?"

"አንቺ ከእሷ ምንም የለሽም ብዬ፣ በጣትሽ እንድትነኪው ፈልጌ ነው" አለችኝ።

ሁለታችንም መሬት ላይ ተንበርክከን የቁርጥራጭ ጆንያውን ዘረገፍነው። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ አይታዘዝላትም። ግማሽ ቀን ፈልገን ከጥፍር የማይረዝሙ ሦስት ቀያይ ክሮች አገኘን። በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀመጠቻቸውና ጋዋኑን ትታ ሄደች። ደህና ዋይ እንኳ አላለችኝም።

ሁለት ቀን እህል በአፌ አልዞረም። በሦስተኛው ቀን ጋዋኑን በመስኮቱ አንጻር ዘርግቼ ሳየው ቀዳዳዎቹ አልተደፈኑም። ከሃምሳ ዓመት በላይ ክር የተቀመጠባቸው ቀዳዳዎች፣ አርባ አንድ ብለው ይነበባሉ። ከሥር ሦስቱ ነጥቦች አሉ። አዲሱ ቀይ ክር በጣም ደመቀብኝ፤ ሻይ ውስጥ ዘፍዝፌ አደበዘዝኩት። ልብ በሉ፣ የምሠራውን አውቄ ነው የሠራሁት። ማጭበርበር ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

መርፌውን በየቀዳዳው ከተትኩ። ሰፊ ሁሉ የራሱ አካሄድ አለውና መጀመሪያ እጄ እምቢ አለኝ። እኔ ከቀኝ እጀምራለሁ፤ ቀዳዳዎቹ ግን ከግራ ካልተጀመረ አይሄዱም። በግራ እጄ ሞከርኩት፣ ሄደ። እናቴ ግራኝ ነበረች ማለት ነው። አምሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ይህን የነገረኝ አልነበረም። ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ጨረስኩት።

የጉባኤው ዕለት ጠዋት ጋዋኑን ለእትዬ ወሰድኩላት። ኮሌታውን ገልብጣ ረጅም ጊዜ አየችው። "ክሩ ደበዘዘ" አለች። "ሻይ ነው" አልኳት። ሌላ ነገር ሳትናገር ለበሰችው፣ ቁልፎቹን ቆለፈች፣ የክብሪት ቀፎውን ኪሷ ከተተች። ተስማማች ብዬ ልቤ ተመለሰ።

አዳራሹ ባለ ባርኔጣና ባለ ካፖርት ሞልቶ ነበር። አንዱ የሐኪም ልጅ የአባቱን ቦርሳ ይዟል፣ ሌላዋ የነርስ ቆብ አጥልቃለች። ተራዋ ሲደርስ እትዬ በዚያ ሰማያዊ ጋዋን ወጥታ ቆመች። አጉሊው መነጽሩን አወጣ፣ ኮሌታው ላይ አጎነበሰ፣ ማመልከቻዋን አነበበ፣ መልሶ አጎነበሰ።

"ሦስቱም ነጥብ አለ!" አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ የእውነቴን ነው። "እንዲህ ያለ እጅ ዛሬ የለም። ጉባኤተኞች፣ ይህ የእናታቸው ስፌት ነው!"

ሰው አጨበጨበ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ በሆዴ "ዝም በይ፣ እትዬ፣ አንድ ጊዜ ዝም በይ" እያልኩ እለምናት ነበር። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

"አይደለም" አለች። "ቀዳዳው የእናቴ ነው፤ ክሩ የእህቴ ነው።" የክብሪት ቀፎውን አውጥታ ከፈተችለት። "የእናቴ የቀረው ይህ ነው።"

አጉሊው መነጽሩን ወደ ኪሱ መለሰ። ኮሚቴው ጥግ ላይ ተሰብስቦ ተንሾካሾከ፤ ብዙም አልቆየም። ማስረጃው ስለተነካካ ስሙን ማስገባት አይቻልም አሉ። ጋዋኑን ግን ለማሳያ እንውሰደው ብለው ጠየቁ፣ "የሆስፒታል ሠራተኛ ልብስ፣ ሰፊዋ ያልታወቀች" የሚል ጽሑፍ እንለጥፍበታለን አሉ። እትዬ "ትታወቃለች" ብላ ለብሳው ወጣች።

መንገድ ላይ ፈነዳሁ። "አፍሽን ብትዘጊ ምን ነበረበት? በቃ አልቆ ነበር! ሰውየው አልቅሶ ነበር! ነገ ድንጋይ ላይ የሚጻፍ ስም!"

እትዬ ቆም ብላ ትንፋሿን ሰበሰበች።

"እማዬ ሰባት ዓመት ሙሉ" አለች፣ "የአንዱን ቁጥር በሌላው ልብስ ላይ ሰፍታ አታውቅም።"

ተያይዘን ሄድን። ሱቄ በር ላይ ስንደርስ ጋዋኑን አውልቃ አጣጥፋ ሰጠችኝ፤ ከላዩ የክብሪት ቀፎውን አስቀመጠችበት። ይቅር ብያለሁ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ ሻዩን ቀጥኗል ብላ ፊት ለፊት የምትናገር ሴት ከልቧ ይቅር ሳትል በአፏ ይቅር ብያለሁ አትልም።

ሰሌዳው ቆመ፤ የእናታችን ስም የለበትም። ቀፎው ከስፌት መኪናዬ በላይ መደርደሪያው ላይ ነው። አሁን ቁጥር ወይም ስም ያለበት ልብስ ሲመጣልኝ ምላጩን አስቀምጬ "ይህ የማን ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ደንበኞቹ አረጀች ይላሉ። አንዳንዱ ግን ቁጭ ብሎ ይነግረኛል።