ወንዙ የከዳው ድልድይ

የውሃ ቆጣሪ አንባቢዋ የተሰጣትን ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ መጀመሪያ ቆማ፣ ቀጥሎ ተቀምጣ፣ በመጨረሻም መነጽሯን አውልቃ፣ ጠርጋ፣ መልሳ አድርጋ። ወረቀቱ ያው ነበር። «በከተማችን የሚጎበኙ ስፍራዎች» ይላል ርእሱ። ከሥሩ የውሃ ማጠራቀሚያው ያለበት ኮረብታ፣ አሮጌው ወፍጮ ቤት፣ የድሮው ፖስታ ቤትና የቅዳሜ ገበያው ተዘርዝረዋል። አምስተኛው ላይ «ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ስማቸው ባልታወቀ ጠቢባን የታነጸ ጥንታዊ ድልድይ» ተብሎ ተጽፏል።

የጠቢቡን ስም ግን አሳምራ ታውቀዋለች፤ አባቷ ነው። ወረቀቱን ያዘጋጀውም ሰው ያውቀዋል፤ የገዛ አያቱ ነውና።

በዚያች ትንሽ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞረች የውሃ ቆጣሪ አንብባለች። የትኛው በር ሲከፈት እንደሚያቃስት፣ የትኛው ውሻ ከጩኸቱ በቀር ጥርስ እንደሌለው፣ የማን ቆጣሪ በማን ጽጌረዳ ሥር እንደተሸሸገ ከእርሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቁጥሩን ዝቅ አድርጋ እንድትጽፍ የለመኗት ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱ በእንባ፣ አንዳንዱ በቁጣ፣ ልብስ ሰፊው ደግሞ አንድ ቀሚስ በነጻ እንደሚሰፋላት ቃል በመግባት። ለሁሉም መልሷ አንድ ነበር፦ «ውሃውን የጠጣችሁት እናንተ፤ እኔ የቆጣሪው መርፌ ያሳየኝን ነው የምጽፈው።» በዚህ ጠባይዋ ብዙ ወዳጅ አላፈራችም፤ ቃሏን የሚጠራጠር ግን አልነበረም።

ጡረታ በወጣች በዓመቱ የእህቷ ልጅ ሥራ ይዞላት መጣ። እናቱ ከሞተችበት ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችው እርሷ ናት። አሁን በማዘጋጃ ቤቱ የቱሪዝም ክፍል ኃላፊ ሆኗል፤ ክፍሉም አንድ ጠረጴዛና አንድ ካርታ ያለበት፣ እርሱ ሲገባ ሌላ ሰው መውጣት ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። በየቅዳሜው ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፍ የጎብኚዎች አውቶቡስ ነበር፤ ለሁለት ሰዓት እንዲቆም ለማስፈቀድ ግማሽ ዓመት ተመላልሷል። አስጎብኚ ያስፈልገዋል፤ ከተማዋን እንደ አክስቱ የሚያውቅ ደግሞ የለም።

የድልድዩ ነገር እንዲህ ነው። ከኀምሳ ዓመት በፊት ግንበኛው አባቷ ድልድዩን እንዲሠራ በታዘዘ ጊዜ ሽማግሌዎቹ መክረውት ነበር። ይህ ወንዝ በየዘመኑ ቦታ ይለውጣል፣ አንድ ሁለት ክረምት ታገሥ፣ ጠባዩን እይ አሉት። እርሱም «ወንዝ እግር የለውም» ብሎ መሠረቱን ቆፈረ። ሁለት ዓመት ደከመ። ቅስቶቹ ገጥመው የእጅ መደገፊያው ግንብ ብቻ ሲቀር ክረምት ገባና፣ ወንዙ በአንድ ሳምንት ጎርፍ ከላይ በኩል አዲስ መንገድ ቀድዶ ሄደ። እግር ሳይኖረው ሄደ። ድልድዩ ደረቅ አሸዋ ላይ ተገትሮ ቀረ።

ከተማው ሥራ ፈትቶ ሳቀ። ግንበኛው «እግር የለውም» ተባለ፤ ትክክለኛ ስሙን ከቤተሰቡ በቀር የሚያስታውሰው ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን ቱምቢውን ጥሎ አገር ይለቅ ነበር። እርሱ ግን ጎርፉ እንደጎደለ ተመልሶ መጣና የቀረውን ግንብ ይሠራ ጀመር። «ደግሞ ለማን ነው?» ሲሉት መልሱን ትንሿ ልጁ ድንጋይ እያቀበለችው በጆሮዋ ሰምታለች፦ «የተሳሳትኩት ቦታውን ነው፤ ድንጋዩ ምን አደረገ?» ሰባት ሳምንት ፈጀበት። በመጨረሻው ድንጋይ ላይ በመሮ አንዲት ትንሽ እግር ቀረጸ።

ከዚያ ወዲህ የከተማው ሰው ገበያ ሲወርድ በድልድዩ ላይ ይሻገራል። በሥሩ ባለው አሸዋ ማለፍ ይቀላል፣ ያጥራልም። መጀመሪያ በፌዝ ነበር የሚሻገሩት፤ ፌዙ ልማድ ሆነና ዛሬ በአሸዋው የሚያቋርጥ ሰው ከተገኘ «ዋና ተማርክ እንዴ?» እየተባለ ይውላል።

ቆጣሪ አንባቢዋ ወረቀቱን አጥፋ ወደ እህቷ ልጅ ቢሮ ሄደች። ካርታው ሥር ቆማ አምስተኛውን መስመር በጣቷ ነካችለት።

«አክስቴ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው የሞኝ ድልድይ ለማየት ከአውቶቡስ አይወርድም» አላት ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሣ።

«ሞኝ ያልከው አያትህን ነው።»

በትምህርት ቤት «እግር የለውም» በሚለው ስም ስንት ጊዜ እንደተደባደበ አስታወሳት። ኃላፊ ሆኖ እንኳ ስብሰባ ላይ ጫማውን አይተው የሚጠቃቀሱ እንዳሉ ነገራት። ቅዳሜ የአውቶቡሱ ድርጅት ተወካይ አብራ ትመጣለች፤ መቆሙ ይቀጥል ወይም ይቅር የምትለው እርሷ ናት። የጻፈው ውሸት ማንንም እንደማይጎዳ፣ ከተማዋን ግን እንደሚያኖር በልመና አስረዳት።

«ማንንም የማይጎዳ ከሆነ አባቴን ለምን ሰረዘው?» አለችው። «እኔን ካሰማራህ መርፌው ያሳየኝን ነው የምናገረው። ካልፈለግህ ሌላ ፈልግ።»

ሌላ ሰው አልነበረውም። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ልቧ ይራራል ብሎ የአስጎብኚውን ባጅ ሰጣት።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አራት ጎብኚዎች ወረዱ። ተወካይዋ ሰፊ ባርኔጣ የደፋች፣ ማስታወሻ ደብተሯን የማትለቅ ዝምተኛ ሴት ናት። ቆጣሪ አንባቢዋ ከኮረብታው ላይ ሆና ጣራዎቹን በባለቤቶቻቸው ሙያ እየጠራች አሳየቻቸው፤ ከማጠራቀሚያው የሚወርደው ቧንቧ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ከተማዋ የቁርሷን ሳህን ስታጥብ እንዲሰሙ አደረገች። ወፍጮ ቤት ገብተው ዱቄት መስለው ወጡ። በፖስታ ቤቱ፣ ተቀባያቸው ያልተገኘ ደብዳቤዎች የሚቀመጡበትን መሳቢያ አዩ። እስከዚህ የእህቷ ልጅ ፈገግ እያለ ተከተላት። ገበያውን ጨርሰው ወደ ድልድዩ ሲታጠፉ ግን አንገቱን በመሐረብ ይጠርግ ጀመር።

ከጎብኚዎቹ አንዱ ወደ ታች አጎንብሶ አሸዋውን አየና «ወንዙ የታለ?» ሲል ጠየቀ።

«አክስቴ» አለ የእህቷ ልጅ በሹክሹክታ።

ሃያ ስድስት ዓመት ስታነብ የኖረችው የሌላውን ሰው ቁጥር ነበር፤ የራሷን ቤት በአደባባይ ስታነብ የመጀመሪያዋ ነው። ቀና ብላ ተናገረች፦

«ወንዙ ከኀምሳ ዓመት በፊት ትቶን ሄዷል። ድልድዩን የሠራው አባቴ ነው። ወንዝ እግር የለውም ብሎ ተከራክሮ ተረታ። ይህን የእጅ መደገፊያ የገነባው ወንዙ ከሄደ በኋላ ነው። ይኸውላችሁ እግሩ።»

ሳቅ ፈነዳ። የእህቷ ልጅ ፊቱን አዞረ። እርሷ ሳቁ እስኪያልቅ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች።

«ሳቁ፤ እኛም ኀምሳ ዓመት ስቀናል፣ አልጠገብንም። ስትጨርሱ ግን ተሻገሩ። እዚህ ከተማ ሰው የሚሻገረው በላይ ነው።»

ተሻገሩ። አንድ ወፍራም ጎብኚ አሸዋው ይቀላል ብሎ በሥሩ ሲገባ፣ ቲማቲም ሻጮቹ ከዳር ሆነው ዋና ይችል እንደሆነ ጠየቁት፤ ሰውዬው አፍሮ ተመለሰ። ተወካይዋ መደገፊያውን በመዳፏ እየዳሰሰች በዝግታ አለፈች። የድንጋዮቹ መጋጠሚያ ምላጭ አያስገባም።

«ይህን ሁሉ፣ ውሃው ከሄደ በኋላ?» አለች።

«ከሄደ በኋላ።»

ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈች።

አውቶቡሱ እንደሄደ የእህቷ ልጅ እጁን ዘረጋ። ባጁን አውልቃ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ልፋቱን ሁሉ ገደል እንደከተተችበት፣ ከእንግዲህ እንዳትመጣ ነገራት። ያሳደገችው ልጅ ቢሆንም ይቅርታ አልጠየቀችም።

በሳምንቱ መካከል ከድርጅቱ ደብዳቤ መጣ። አውቶቡሱ እንደሚቆም፣ ለድልድዩም ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት እንዲያዝ ይገልጻል። ወሬውን ከወፍጮ ቤት ሰማችው፤ የእህቷ ልጅ አልነገራትም።

ቅዳሜ ያለ ባጅ፣ የውሃ አገልግሎቱን አሮጌ ሰማያዊ ካፖርት ለብሳ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመች። እርሱ አዲስ የታተሙ ወረቀቶች ታቅፎ ከወዲያ በኩል ቆሟል። አይቷት እንዳላየ መሰለ። ሄዳ አንዱን ሳበችበት። ሦስት መቶው ዓመትና ጠቢባኑ ጠፍተዋል፤ አምስተኛው መስመር ላይ «ድልድይ» ብቻ ተጽፏል።

ከካፖርቷ ኪስ ቆጣሪ ስታነብ የምትጽፍበትን እስክሪብቶ አወጣች። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ከ«ድልድይ» ጎን የአባቷን ትክክለኛ ስም ከነአባቱ ጻፈችና ሁለተኛውን ወረቀት ሳበች።

«አክስቴ፣ መቶ ቅጂ ነው» አለ ልጁ ሲቸግረው። «ሁሉም ላይ ልትጽፊ ነው?»

«አዎ» አለችው ቀና ሳትል። «የፊደል ግድፈት እንዳይገባ አንተ ስትጽፍ እያየሁህ እጽፋለሁ። እስክሪብቶ ይዘሃል?»

አውቶቡሱ ከጥጉ ታጥፎ ብቅ አለ። ልጁ ወደ አውቶቡሱ አየ፣ ወደ አክስቱ አየ፤ ከዚያም የደረት ኪሱን ይዳብስ ጀመር።