ፈጠም ፏፏቴ ላይ ባለቤቴን ሦስት ጊዜ ጠራኋት

ዛሬ ፈጠም ፏፏቴ አፋፍ ላይ ባለቤቴ ጥሩወርቅ ጠፋችብኝ።

ከፍኖተ ሰላም መጥተን የቡሬን አሮጌ ሰፈር አይተን ነው የወረድነው። መንገድ ላሳይዎ ያለኝን ጎልማሳ «አውቀዋለሁ» ብዬ መለስኩት። ወዲያው ጉም ዋጠን።

«ጥሩወርቅ!» አልኩ። ዝም።

እኔ ሰው ሁለት ጊዜ አልጠራም፤ የሰማ ይመጣል። ግን ገደሉ አጠገባችን ነው። ደገምኩ። ዝም። በሦስተኛው ጮኽኩ።

«አቤት!» አለች፣ አምስት እርምጃ ላይ ካለ ድንጋይ ጀርባ።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ውኃ ዳር ሦስት ጊዜ ሳይጠሩ አቤት አይባልም፤ ጋኔን ሦስተኛ አይጠራም። ሁለተኛውንማ ስሰማ ጋኔን ነው አልኩ፤ እርስዎ መቼ ሁለቴ ጠርተው ያውቃሉ?»

ይህን የምጽፈው ቡሬ መናኸሪያ ሆኜ በአንድ እጄ ነው። በሌላው እሷን ይዣለሁ።

እናንተስ፣ የጠራችሁት ሰው ዝም ብሏችሁ ያውቃል?