ሦስተኛው ፎቅ ላይ መብራት ጠፋ

ካርቱም ውስጥ፣ ሪያድ ከሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የተቀጠርኩት ለምግብና ለጽዳት ነበር። ዋናው ሥራዬ ግን ከቤቱ ልጅ ጋር ተቀምጦ መፍራት ሆነ።

ይህ ጦርነቱ ሳይመጣ ነው። ልጅቷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፤ አስፈሪ ፊልም ካላየች ቀኑ አይሞላላትም፣ ብቻዋን ማየት ደግሞ አይሆንላትም። ከምሳ በኋላ እናቷ ስትተኛና ሙቀቱ ሰፈሩን ጸጥ ሲያሰኘው መጋረጃውን ትዘጋና «ተዓሊ፣ ተዓሊ» ትለኛለች፤ ነይ ማለቷ ነው። እሷ ሶፋው ላይ፣ እኔ ምንጣፉ ላይ እንቀመጣለን። ሙዚቃው መለወጥ ሲጀምር ቀስ በቀስ ከሶፋው ትንሸራተትና እኔ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ትደርሳለች፤ ከዚያ ክንዴን ጭምቅ ነው። ጥፍሯ ደግሞ ረጅም ነበር። ፊልሙ አልቆ መጋረጃው ሲከፈት ተመልሳ ሶፋዋ ላይ ናት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። አንድ ቀንም «ወደ ላይ ነይ» ብላኝ አታውቅም። እኔም ብትለኝ አልወጣም ነበር፤ ምንጣፉ በማራገቢያው ሥር ስለሆነ ይሻለኛል።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ከሥሩ በዓረብኛ ይጻፋል። የኔ ዓረብኛ የጆሮ ነው እንጂ የዓይን አይደለም፤ ስለዚህ ፍርሃቱ ፋታ በሰጣት ቁጥር ልጅቷ ጮክ ብላ ታነብልኛለች። ዋናው አስፈሪ ቦታ ላይ ሲደርስ ዓይኗን ትጨፍንና «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» ትላለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ እኔ አይቼ እነግራታለሁ። እሷ ታነብልኛለች፣ እኔ አይላታለሁ።

ዓርብ የዕረፍት ቀኔ ነው። ከወሎ የመጣን አራት ሴቶች ሳጃና በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተን ነበር። ሁላችንም ሳምንቱን በሰው ቤት ስለምንኖር ክፍላችንን የምናያት ዓርብ ብቻ ነው። ከጁምዓ በኋላ ተሰብስበን፣ እግራችንን ዘርግተን፣ ሻይ እየጠጣን እኔ የሳምንቱን ፊልም እተርካለሁ። ማጋነን እወዳለሁ። ፊልሙ አንድ ሬሳ ካለው እኔ ሦስት አደርገዋለሁ፤ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

አምስተኛዋ አድማጫችን ሻይ ሻጭ ናት። ከኑባ ተራሮች የመጣች ሱዳናዊት ስትሆን ከክፍላችን ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር ካለው ኒም ዛፍ ሥር ነበር የምትሸጠው። ለሐበሻ ደንበኞች ስትቀዳ ብዙ ዓመት ስለኖረች አማርኛችንን ለቃቅማለች፤ ከምታስመስለውም በላይ ትሰማ ነበር። መጀመሪያ ቀን በራችን ላይ ቆማ «ሳምንቱን ሙሉ ለሰው ስቀዳ ነው የምውለው፣ ዓርብ ለኔ ይቀዳልኝ» አለች። ሳቅንና አስገባናት። አፋቸው ወርቃማ የሆኑ ብርጭቆዎች ነበሩን፣ ግን አራት ብቻ ናቸው። ለእሷ ከገበያ አንዲት ቢጫ የፕላስቲክ ኩባያ ገዛሁላት። ኩባያዋ በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ትንጠለጠል ነበር።

አንድ ሳምንት ልጅቷ ያመጣችው ፊልም በአንዱ ውስጥ አራት ታሪክ ያለው ሆነ። አንድ ያረጀ ሕንጻ አለ፤ አሳንሰሩን የሚያሠራ አንድ ሽማግሌ አለ። አሳንሰሩ አንድ ፎቅ ላይ ቆሞ በሩ ሲከፈት አንድ ታሪክ ይጀምራል፣ ሲዘጋ ያ ታሪክ ያልቃል። ሁሉም ስለ አሜሪካ ጥቁሮች ነው። መንፈሶቹም ዝም ብለው ሰው ለማስደንገጥ የሚመጡ አይደሉም፤ ተበድለው የሞቱ ናቸው፣ የሚመጡትም ቂማቸውን ሊወጡ ነው።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ ሀብታም ቤት አለ። እዚያ ቤት ሃያ ዓመት ያገለገለች ጥቁር ሠራተኛ ትሞታለች፤ የቤቱ ሰዎች ሙሉ ስሟን እንኳ አያውቁትም። ልጅቷ እዚህ ላይ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ሐራም ወላሂ! እነዚህ አሜሪካኖች ልብ የላቸውም!» አለች። ከዚያ ፊቷን ጠራርጋ ውሃ አምጪልኝ አለችኝ። በብርጭቆ አመጣሁላት። እኔንም ጠምቶኝ ስለነበር ኩባያዬን ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ ከበረኪናው ጎን አውጥቼ ጠጣሁ። መደርደሪያው ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ኩባያዎች ነበሩ። እነሱን አትንኪ ያለኝ ሰው የለም። በመጀመሪያው ቀን መዳም፣ የልጅቷ እናት፣ አንዲት ኩባያ ሰጥታኝ «ይቺ ያንቺ ናት» ብላኛለች፤ ስጦታ መስሎኝ አመስግኛት ነበር።

ፊልሙ ውስጥ ሠራተኛዋ በሞተች በሦስተኛው ቀን የቤቱ ሰዎች ምሳ ላይ ተቀምጠው ሳለ ከወጥ ቤት ድምፅ ሰሙ። አባትየው ተነሣ። የወጥ ቤቱን በር ገፋ አደረገ፤ መብራት ጠፋ። በፊልሙ ውስጥ ሳይሆን በሪያድ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም። ልጅቷ ያወጣችው ጩኸት መዳምን ከእንቅልፏ አስነሣት፣ እኔም እስከ ማታ የሁለቱንም ልብ ሳረጋጋ ዋልኩ። መብራቱ ሲመጣ «ኸላስ! ሁለተኛ አላየውም» ብላ ማለች። በፊልሙ ወጥ ቤት ውስጥ ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዓርብ ደረሰ። የመጀመሪያውን ፎቅ ከፈትኩላቸው፤ ጥቁር እያስቆመ የሚደበድብ ፖሊስ ነው። አንድ ቀን የመኪናውን የፊት በር ከፍቶ ሲገባ ራሱን ከኋላ ወንበር ላይ በካቴና ታስሮ ያገኘዋል። ይወጣል፣ እንደገና ይገባል፣ ያው ነው።

«ዳሚን የለውም እንዴ?» አለች ታላቃችን፤ ዋስ ማለቷ ነው። የመኖሪያ ወረቀቷ ቀኑ ካለፈበት የቆየ ስለሆነ በዚህ ነገር ሊቅ ነበረች። «ዳሚን የሌለው ሰው እንደዚህ ነው የሚሆነው። ምኑ ነው የሚያስፈራው?»

ሻይ ሻጯ ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። «ወላሂ ይሄን መንፈስ ወደኔ ላኪልኝ!» አለች። ከሻ በመጣ ቁጥር፣ ማለትም ድንገተኛ አፈሳ፣ ማንቆርቆሪያዋንና በርጩማዎቿን ፖሊስ ጭኖ ይሄድባት ነበር። እሷን በማንቆርቆሪያዋ፣ እኛን በወረቀታችን ነበር የሚያፍሱን።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ ክፉ አከራይ አለ፤ ድሆቹን አፋፍጎ ያኖራቸው በነበረበት ሕንጻ ውስጥ ግድግዳው በየቀኑ አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ይገፋበታል። መጨረሻ ላይ ቆሞ መተኛት ይጀምራል። ይህን ስናገር አራታችንም ግድግዳውን በዓይናችን ስንለካ ተያየን። «ኧረ ተይ፣ ይሄ የኛ ክፍል ነው!» አለች ከመካከላችን ትንሿ፤ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሰውን ለማስፈራት የተሠራ ፊልም እንደዚያ ሲያስቅ አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደረስን። አባትየው የወጥ ቤቱን በር ገፋ አደረገ። አራቱም እስትንፋሳቸውን ይዘው ጠበቁኝ። መብራት ጠፋ ብዬ መናገር ሞት ሆነብኝ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ ፈጠርኩ።

«ወጥ ቤቱ ውስጥ ሞታ የተቀበረችው ሠራተኛ ቆማለች» አልኩ። «በሕይወቷ ሳለች ኩባያዋ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ነበር የሚቀመጠው። አሁን አወጣችው። አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ከዚያ ሠላሳውን የቤቱን ኩባያ የእሷን አስመሰለቻቸው፤ የራሷንም መደርደሪያው ላይ መሃላቸው ደረደረችውና ጠፋች። የቤቱ ሰዎች ጠማቸው። የትኛው የእሷ እንደሆነ አይታወቅም። አባት አንዱን ያነሣና ይመልሳል፣ እናት አንዱን ታነሣና ትመልሳለች። ቧንቧው ውሃ እያንዠቀዠቀ፣ ቤቱ ሙሉ ኩባያ እያለ፣ ሁሉም በውሃ ጥም አለቁ!»

ክፍሏ በጭብጨባ ተናጋች። ያን ቀን አራታችንም፣ ከየማጠቢያው ሥር ካሉት ኩባያዎቻችን ጋር፣ በቀላችንን ተወጣን። ከሁላችን በላይ የሳቀችው ሻይ ሻጯ ነበረች፤ እንባዋን በቶቧ፣ ሱዳኖች እላያቸው ላይ በሚጠመጥሙት ልብስ፣ ጫፍ ትጠርግ ነበር። ታላቃችን ሁለተኛ ሻይ ልትቀዳ ተነሥታ ወርቃማዎቹን ብርጭቆዎች አራቱንም ሰበሰበች፣ ቀጥላም ቢጫዋን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። ሻይ ሻጯ ግን ኩባያዋን አልሰጠቻትም። በመዳፏ ላይ አዙራ አዙራ አየቻት።

«የኔ ግን ይታወቃል» አለች በአማርኛ፣ ፈገግ እንዳለች።

ቀሪ ሻይዋን ጨለጠች፣ ኩባያዋን ራሷ አለቀለቀች፣ በሩ አጠገብ ከምስማሩ ላይ ሰቀለችና «ያላ፣ ማዓሰላማ» ብላን ወጣች።

በሚቀጥለው ዓርብ አልመጣችም። ከዚያ በኋላ ባለውም አልመጣችም። ጓደኞቼ ገበያ በዝቶባት ነው አሉ። አንደኛዋ እንዲያውም «ምን አደረግናት? ብርጭቆ ስለሌለን እኮ ነው» አለች። እኔም ለራሴ ይህንኑ ስል ነበር የከረምኩት። ግን ውሸት ነው። ከኛው አገር እንግዳ ሲመጣ ከአራታችን አንዷ ብርጭቆዋን ሰጥታ ተራዋን ትጠብቅ ነበር፤ ለአንድም ሐበሻ ቢጫዋ ከምስማሩ ወርዳ አታውቅም። ከብርጭቆዎቹም ጋር አትታጠብም ነበር። ይህን ቁጭ ብሎ የወሰነ ሰው የለም፣ እንዲሁ ሆነ እንጂ። እሷ በሌለችበትም «ጥቁሯ» ነበር የምንላት፤ ክፋት ያለበት አይመስለንም ነበር። የሪያዷ ልጅ ለአሜሪካ ሠራተኛ ስታለቅስ በልቤ ስቄባት ነበር። እኔ ግን ኩባያዋን የገዛሁት በገዛ እጄ ነው። አፈርኩ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሳህን ባጠብኩ ቁጥር ፊቴ ይግል ነበር።

በሦስተኛው ዓርብ ጠዋት ገበያ ሄጄ አምስት አዳዲስ አንድ ዓይነት ብርጭቆዎች ገዛሁ። ወርቃማ አፍ የላቸውም፣ ግን አምስት ናቸው። ከዚያ ወደ ኒሙ ዛፍ ሄጄ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሻይ ሻጯ ለሁለት ሾፌሮች ቀዳች፣ ለአንድ ወታደር ቀዳች፣ እኔን እንዳላየ ሰው አለፈችኝ። ሰዎቹ ሲሄዱ አንዲት ብርጭቆ ሻይ ቀዳች፣ አንድ ጊዜ ፉት አለችና ያችኑ ዘረጋችልኝ።

«ጠጪ፣ ኡኽቲ» አለች፤ እህቴ ማለቷ ነው።

እጄ ዘገየ። ብዙ አይደለም፣ ዓይን እስኪርገበገብ ያህል ነው፤ ግን ዘገየ። እሷም አየች፣ እኔም እንዳየች አየሁ። እስከ ዛሬ ካየኋቸው ፊልሞች ሁሉ እንደዚያች ቅጽበት ያስፈራኝ የለም። ብርጭቆዋን ተቀብዬ ጨለጥኩት፤ ምላሴ ተቃጠለ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «ቢጫዋን የገዛሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ስትገዢ ገበያ ላይ አይቼሻለሁ። ለልጅ መስሎኝ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ትመጪያለሽ ወይ ብዬ ስጠይቃት «ኢንሻአላህ» አለችኝ። ካርቱም ውስጥ ኢንሻአላህ አንዳንዴ አዎ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን አትጠብቂኝ ነው። የሷ የትኛው እንደሆነ ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም።

ከጁምዓ በኋላ አምስቱን ብርጭቆዎች ደርድረን ቁጭ አልን። ያን ቀን ፊልም አልተረክሁም፣ የጠየቀኝም የለም። ሻዩ ሁለት ጊዜ ቀዝቅዞ ሁለት ጊዜ ከሞቀ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ገባች። እንደ ልማዷ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች፣ ከአምስቱ ብርጭቆዎች አንዱን አንሥታ ከፊቷ አኖረች። ቀጥላ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ከኒሙ ሥር ከምትሸጥባቸው ብርጭቆዎች አንዷን፣ ሥሯ ትንሽ የተሸረፈችውን አወጣችና እኔ ፊት አስቀመጠችልኝ።

«ይቺ ያንቺ ናት» አለች።

ታላቃችን አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ትንሿ በሳቅ ፈነዳች፣ ቀጥሎ ሁላችንም፤ እኔም ሳቅሁ። ተቀዳልኝና ጠጣሁ። ስንጨርስ ሻይ ሻጯ የኔን ለብቻዋ አጥባ መስኮቱ ላይ አስቀመጠቻት።

«እስከ መቼ ነው?» አልኳት።

«ቢጫዋን ስንት ወር ጠጣሁባት?»

ቆጠርኩ። «አሥራ አንድ ወር።»

«እንግዲያው አሥራ አንድ ወር» አለች፣ ስኳር እያማሰለች።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ቀርታ አታውቅም። እኔም በዚያች በተሸረፈችው እየጠጣሁ ስንት ፊልም ተረክሁላት። በየወሩ መጨረሻ ጣቶቿን እያጠፈች የቀረኝን ታሳየኝና ትስቅብኝ ነበር። ስምንት ወር ጠጣሁ፤ ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እኛ በገዳሪፍ በኩል ወደ አገራችን ወጣን። እሷ ወዴት እንደሄደች አላውቅም፤ ስልኳ አይሠራም። ብርጭቆዋን በሻሽ ጠቅልዬ ይዣት መጣሁ። አሁን ደሴ በምኖርበት ቤት መስኮቱ ላይ ለብቻዋ ትቀመጣለች። እንግዳ ሊያነሣት ሲል «ተዋት፣ እሷ የኔ ናት» እላለሁ። ገና ሦስት ወር ይቀረኛል።